ክር ሙቀት ሲነካው

የፖሊፕሮፒሊን ክር ጥራት የሚለየው ሙቀት ሲነካው ነው። አዲስ ክር ሲቀርብልኝ አንድ ሜትር ቆርጬ፣ ትንሽ ክብደት አንጠልጥዬበት ርዝመቱን እለካለሁ። ከዚያ ክብደቱን አንስቼ 130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ኦቨን ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ አቆየውና ሲቀዘቅዝ መልሼ እለካዋለሁ። የምንጣፍ ጀርባ ላቴክስ ተቀብቶ በማድረቂያ ሲያልፍ የሚያገኘው ሙቀት ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ እዚያ የሚኮማተር ክር ምንጣፉን ያጣምመዋል።

መነሻው መሳቡ ነው። ክሩ እንዲጠነክር በሮለሮች መካከል ብዙ እጥፍ ይሳባል፤ ሞለኪውሎቹም ተወጥረው ይደረደራሉ። ክሪስታል የያዛቸው ባሉበት ይጸናሉ። ያልተያዙት ግን ሙቀት ሲያገኙ ወደ ተጠቀለሉበት ይመለሳሉ፣ ክሩንም አብረው ይስቡታል። ስለዚህ የፕላስቲኩ ቅልጥ ገና ትኩስ ሳለ ክሪስታል መጀመር አለበት፤ በከፍተኛ ሙቀት የተሠራ ክሪስታል ወፍራም ስለሚሆን በኋላ በቀላሉ አይለቅም። ክሪስታልን የሚያስጀምር፣ የክሪስታል ዘር የሚባል ነገር የሚጨመረው ለዚህ ነው፤ ለ1000 ኪሎ ፕላስቲክ 2 ኪሎ ገደማ ይበቃል።

የፕላስቲክ ዕቃ የሚቀርጹ ባለሙያዎች «ዘር ሲገባበት ዕቃው ይብስ ይቀንሳል» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ክሪስታሉ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 0.94 ግራም ገደማ ሲመዝን፣ ያልተደረደረው 0.85 ገደማ ነው፤ ክሪስታል ሲበዛ የዕቃው መጠን ያንሳል። በክር ላይ ግን ይህ መቀነስ የሚያልቀው ቦቢን ላይ ሳይጠቀለል ነው፤ ደንበኛን የሚጎዳው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው።

ሁሌ የሚገርመኝ ሰማያዊው ነው። መዳብ ያለበት የፍታሎሲያኒን ሰማያዊ ለቀለም ብቻ ተብሎ ቢገባም፣ ራሱ ብርቱ የክሪስታል ዘር ነው። በአንድ ማሽን፣ በአንድ ሙቀት የተፈተሉ ነጭና ሰማያዊ ክሮች ኦቨን ውስጥ ጎን ለጎን ገብተው እኩል ላይወጡ ይችላሉ። ሁለቱ በአንድ ምንጣፍ ሲገናኙ ገጹ ይሸበሸባል። ዘሩ ለሁሉም ቀለም ከገባ ልዩነቱ ይጠባል፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ ይኼ ነው።

ከዘሮቹ መካከል ሶዲየም ቤንዞኤት ርካሽ ነው፤ ግን ቅልጡ ውስጥ ስለማይሟሟ በደንብ ካልተበተነ ፊልተር ይደፍናል፣ ቀጭን ክር ይበጥሳል። ውድም ቢሆን ከሶርቢቶል የሚሠራውን ዓይነት እመርጣለሁ፤ ይሟሟና ሲቀዘቅዝ እጅግ ቀጭን መረብ ሆኖ ይዘረጋል፣ ክሪስታሉም በዚያ ላይ ያድጋል። ክሩ በከፍተኛ ፍጥነት የሚፈተል ከሆነ መወጠሩ ራሱ ክሪስታል ስለሚያስጀምር የዘሩ ድርሻ ያንሳል። ዘር ገብቶበት ቀድሞ የጠጠረ ክር ደግሞ በድሮው ሙቀት ልሳብህ ቢሉት እሺ አይልም፤ የማቀዝቀዣው አየርና የመሳቢያ ሮለሮቹ ሙቀት እንደ አዲስ መስተካከል አለባቸው።