ዓሊተና፦ ከመሥራቹ ገድል ባሻገር

ስለ ዓሊተና የካቶሊክ ቁምስና የተጻፈው አብዛኛው የሚጀምረው በአንድ ሰው ነው። ምእመናኑ አቡነ ያዕቆብ የሚሏቸው ላዛሪስቱ ዮስጢኖስ ዴ ያቆቢስ በ1800 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በደቡብ ኢጣሊያ ሳን ፌሌ ተወለዱ፤ በ1839 ትግራይ ገቡ፤ በ1849 ምጽዋ ላይ ከጉሊየልሞ ማሳያ እጅ በስውር ጵጵስና ተቀበሉ፤ በ1860 ከምጽዋ ወደ ሐላይ ሲጓዙ መንገድ ላይ አረፉ። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የእሳቸው ሥራ ተከታይ ተደርጎ ይተረካል። አካሄዱ ለገድል ይስማማል። በ1975 ቅድስናቸው ለታወጀ አባት ገድል መጻፉም ተገቢ ነው። የቁምስና ታሪክ ግን ተቀባዮቹንም ይጠይቃል።

ዓሊተና ያለችው በአጋመ ደጋና በአፋር ቆላ መካከል፣ በኢሮብ ገደላገደል ውስጥ ነው። ሕዝቡ ሳሆ ተናጋሪ ነው። በ1840ዎቹ የኦርቶዶክሱ ጳጳስ አቡነ ሰላማ ካቶሊኮቹን ማሳደድ ሲጀምሩ (እኚህን ጳጳስ ከግብፅ ለማምጣት ከሄደው መልእክተኛ ጋር ዴ ያቆቢስ ራሳቸው አብረው መጓዛቸው የታሪክ ምፀት ነው) በዓዲግራት አጠገብ ጓላ ላይ የተከፈተው የካህናት ትምህርት ቤት ተበተነ። ስደተኞቹም የደጋው ገዥ ክንድ እምብዛም ወደማይደርስበት ወደ ኢሮብ ሸሹ። እዚህ ላይ ዋናው ጥያቄ ሰባኪው ምን አስተማሩ የሚለው አይመስለኝም። የኢሮብ ሽማግሌዎች በጳጳሱም በደጋው ገዥ በደጃዝማች ውቤም የተጠሉ ሰዎችን ለማስጠጋት ምን አስቆረጣቸው? የሚስዮናውያኑ ደብዳቤዎች አውሮፓ ላሉ አለቆችና ለጋሾች የተጻፉ በመሆናቸው ሰባኪውን አጉልተው አስጠጊውን ስም የለሽ ያደርጉታል። የዓይን ምስክሩ አባ ተክለ ሃይማኖት ዘዓድዋ የተዉልን፣ በ1914 ፓሪስ በፈረንሳይኛ የታተመው ትረካም ቢሆን ዐይኑ ከአቡኑ አይነቀልም።

የሥርዓቱ ነገር ግን ሳይመሰገን አይታለፍም። ዴ ያቆቢስ የላቲንን ሥርዓት አልጫኑም፤ ካህናቱ በግእዝ እንዲቀድሱ አደረጉ፤ በ1851 ክህነት የሰጧቸውና በ1855 በእስር የሞቱት የጎጃሙ መነኩሴ ገብረ ሚካኤልም የዚህ አካሄድ ፍሬ ናቸው። የደቡቡ የካቶሊክ ሚስዮን በአብዛኛው በላቲን ሥርዓት ሲተከል የሰሜኑ በአገሩ ዜማ ቆየ። ይሁንና ለሳሆ ተናጋሪው እረኛ ግእዝም የሩቅ ቋንቋ ነበር። «አገር በቀል» የሚለው ውዳሴ ለደጋው እንጂ ለዓሊተና በሙሉ ልክ አይሆንም።

ከመሥራቹ ይልቅ የቁምስናውን ዕጣ የወሰነው ድንበር ነው። ኢጣሊያ በ1890 ኤርትራን ቅኝ ግዛት ብላ ካወጀች በኋላ ፈረንሳውያኑን ላዛሪስቶች አስወጣች፤ ሮምም በ1894 ኤርትራን ለይታ ለኢጣሊያ ካፑቺኖች ሰጠች። የአቡነ ያዕቆብ መቃብር ያለባት ሄቦ በአንድ ወገን፣ ዓሊተና በሌላው ቀሩ። የ1900ው የኢትዮጵያና የኢጣሊያ ውል ወሰኑን በመረብ፣ በበለሳና በሙና አሰመረ፤ የትኛው ጅረት ሙና እንደሆነ ግን ለመቶ ዓመት አከራከረ። በ1961 የዓዲግራትና የአሥመራ ሀገረ ስብከቶች በአዲስ አበባ ሊቀ ጳጳስ ሥር ሲሆኑ ሁለቱ ወገኖች በቤተ ክርስቲያን መዋቅር ተገናኙ፤ በ2015 የኤርትራዋ ራሷን ስትችል እንደገና ተለያዩ።

በመሐሉ በ1998 በተነሣው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት የኤርትራ ጦር ዓሊተናን ያዘ፤ ነዋሪዎችም ታፍነው ተወሰዱ። በ2002 የሁለቱ አገሮች የድንበር ኮሚሽን ዓሊተናን ለኢትዮጵያ ቢተውም የኢሮብን መሬት ከፈለ። በ2020 በተነሣው የትግራይ ጦርነት አካባቢው ዳግም በኤርትራ ጦር እጅ ወደቀ፤ ከ2022ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላም የወረዳው ከፊል ቀበሌዎች አልተለቀቁም።

ኬቨን ኦማሆኒ በ3 መጻሕፍት የጻፉት የሚስዮኑ ታሪክ 1916 ላይ ይቆማል፤ ታላቅ ሥራ ነው፤ የሚከተለው ግን የጳጳሳቱን ዘመን እንጂ የመንደሩን አይደለም። የቀረውን መጻፍ የዓዲግራት ሀገረ ስብከትና የአካባቢው ዩኒቨርሲቲዎች ድርሻ ነው። ከጦርነቱ የተረፈ የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ ካለ ይሰብሰብ፣ ፎቶ ይነሣ፤ በየከተማው የተበተኑት አረጋውያንም በትርጉም ሳይሆን በሳሆ ይጠየቁ፤ እነሱ በሕይወት ሳሉ።