ብንነቅለው ምን ይጎድላል?

አዲስ ቅዳም ላይ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። የግጥም ምዕራፍ ሲደርስ ተማሪዎቼ ሲሚሊ፣ ሜታፈር፣ ፐርሶኒፊኬሽን፣ አሊተሬሽን እያሉ ከነፍቺያቸው ይሸመድዳሉ። ፈተናውንም ያልፋሉ፤ ግጥሙን ግን አልቀመሱትም። ስለዚህ ስሙን ከመጠየቄ በፊት አንድ ነገር አስደርጋቸዋለሁ፦ ዘይቤውን ከቦታው ንቀሉትና ምን እንደጎደለ ንገሩኝ።

የምጀምረው ከድምፅ ነው። አሊተሬሽን ማለት ቃላት በአንድ ፊደል ሲጀምሩ ነው ብሎ የያዘ ልጅ፣ በእንግሊዝኛው አጻጻፍ በአንድ ፊደል ስለሚጀምሩ ብቻ ‹ሲቲ›ን ከ‹ካት› ጋር ያጣምራል። ሰሌዳው ላይ ሁለቱንም በግዕዝ ፊደል ስጽፋቸው ነገሩ ወዲያው ይገለጣል፤ ‹ሲቲ› የሚሄደው ከ‹ሰን› ጋር፣ ‹ፎን› ደግሞ ከ‹ፊሽ› ጋር ነው። ፊደላችን ለዚህ ሥራ እንዴት እንደሚመች ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። እንደ ቢዎልፍ ያሉት የጥንት እንግሊዝኛ ግጥሞች ስንኛቸው የተያያዘው በዚሁ በመነሻ ድምፅ ነው እንጂ ቤት በመምታት አይደለም። ብንነቅለው ስንኙ ራሱ ይፈርሳል።

ቤት መምታት ላይ ብዙ እቆያለሁ። በአማርኛ ‹ሄደ› እና ‹ወደደ› በመጨረሻዋ ‹ደ› ተገናኝተዋልና ይበቃቸዋል። በዚያው ልማድ ‹ራኒንግ› እና ‹ኢቲንግ› ቤት መቱ የሚል ተማሪ አይጠፋም። የእንግሊዝኛ ጆሮ ግን ስምምነቱን የሚፈልገው ጠንክሮ ከሚነበበው የመጨረሻ አናባቢ ጀምሮ እስከ ቃሉ መጨረሻ ነው፤ ‹ናይት› እና ‹ላይት› ይመታሉ፣ ‹ራኒንግ› ከ‹ካኒንግ› ጋር እንጂ ከ‹ኢቲንግ› ጋር አይመታም። ቃሉ የሚዘጋበትን የአፍንጫ ድምፅ ደግሞ አውጚ አፍ የፈቱት ልጆች ያለ ችግር ያወጡታል፤ በቋንቋቸው ፊደል ‹ጘ› ተብሎ የሚጻፈው ነውና። እዚህ ላይ ጓደኞቻቸውን የሚያስተምሩት እነሱ ናቸው።

ምጣኔውም ሌላ ነው። የወል ቤት ስንኝ ስድስት ስድስት ሆኖ የተከፈለ 12 ቀለም ይቆጥራል። 14 ስንኝ ያለው የሼክስፒር ሶኔት በየስንኙ 10 ቀለም ቢኖረውም፣ የሚያስኬደው አምስቱ ጠንካራ ምቶች ናቸው። ቀለሙን በትክክል ቆጥሮ ግጥሙን የሚገድል አንባቢ ስለሚበዛ ጠንካራዎቹ ላይ ብቻ ዴስክ እያስመታሁ አስነብባለሁ።

አነፃፃሪ፣ ተለዋጭና ሰውኛ ዘይቤ ከአማርኛ ክፍል ይዘዋቸው ስለሚመጡ አልዘገይባቸውም። የሚያስቸግራቸው ሜቶኒሚ ነው፤ አንድን ነገር በሚቀርበው በሌላ ነገር ስም መጥራት። ለዚህ ፈረስ አለን። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉን በሚያከብርበት አገር ያደገ ልጅ፣ ሰው በፈረሱ ስም መጠራቱ አይደንቀውም። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። ቴዎድሮስን ካሳ ስንለው የቋራው ልጅ ይመጣል፤ አባ ታጠቅ ስንል ጦር ሜዳው። የእንግሊዝ ዐቃቤ ሕግም በዘውዱ ስም ሲከስ ንጉሡ ቢሞትም ክሱ አይሞትም። ይህን ካዩ በኋላ መንግሥትን ‹አራት ኪሎ› ማለታችንን ራሳቸው ያነሡታል።

ከዚያ የራሳቸውን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ይጽፋሉ። ወረዳችን ፋግታ ለኮማ በዲከረንስ ደንና በከሰሉ የታወቀ ነውና አንድ ተማሪ፣ ገበያው በከሰል ዋጋ ተጨቃጨቀ ብሎ ጻፈ። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ፤ ገሚሱ ገበያውን እንደ ሰው አናግሮታል፣ ሰውኛ ነው አለ፤ ገሚሱ በገበያው ስም ነጋዴዎቹን ጠርቷል፣ ሜቶኒሚ ነው አለ። እኔ አልፈረድኩም። ‹ገበያው›ን ነቅለው ‹ነጋዴዎቹ›ን እንዲተኩ ብቻ ጠየቅኋቸው። ጭቅጭቁ በሻጭና በገዢ መካከል መሆኑ ቀርቶ የነጋዴዎች የእርስ በርስ ጠብ እንደሆነ ከኋላ ወንበር የተቀመጠችው ልጅ አስረዳች።