ፕላነር ላይ የተገጠመ ዲጂታል መለኪያ እንዴት ይመዘናል?

ዲጂታል የውፍረት መለኪያ የተገጠመለት የእንጨት ፕላነር ሲያሳዩኝ መጀመሪያ የምለው “ሶኬቱን ንቀሉልኝ” ነው። ማሽኑ ፀጥ ካለ በኋላ የመለኪያውን ተንሸራታች ክፍል በአንድ ጣቴ ወደ ላይ፣ ቀጥሎም ወደ ታች ገፋ አደርገዋለሁ። ስክሪኑ ላይ ያለው 19.05 ንቅንቅ ካላለ ደስ ይለኛል። ወደ 19.20 ከዘለለ ግን አገጣጠሙ እንዳልተሳካ ገና ከወዲሁ አውቃለሁ። በጣት ግፊት የሚንቀሳቀስ ነገር፣ ቢላዎቹ ጣውላ ሲበሉ በሚፈጠረው ንዝረት ሥር ልኩን ጠብቆ ሊቆይ አይችልም።

እንዲህ ያለው መለኪያ አሠራሩ ከዲጂታል ካሊፐር አይለይም። ረጅሙ ዘንግ ከሽፋኑ ሥር የመዳብ መስመሮች አሉት፤ በላዩ የሚንሸራተተው ክፍል የኤሌክትሪክ ለውጡን እያነበበ ምን ያህል እንደተጓዘ ያሰላል። አንደኛው ከማሽኑ አካል ጋር ይታሰራል፣ ሌላኛው ከሚንቀሳቀሰው ክፍል ጋር። እንደ ዲዋልት 735 ባሉ ተንቀሳቃሽ ፕላነሮች ላይ የሚወጣና የሚወርደው ቢላዎቹን የያዘው ራስ ነው፤ በትልልቆቹ የወርክሾፕ ማሽኖች ላይ ደግሞ ራሱ ባለበት ሆኖ አልጋው ከፍ ዝቅ ይላል። በሁለቱም ዓይነት መለኪያው የሚያውቀው በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለውን ርቀት ብቻ ነው። እንጨቱን አይነካም፣ አያየውም። ስለዚህ የቁጥሩ እውነትነት ያረፈው ዘንጉን በያዙት ብሎኖችና ላሜራዎች ላይ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት ያዋጣል። ደካማ ሥራ ዘንጉን በማሽኑ የፕላስቲክ ሽፋን ላይ በብሎን ያስራል፣ አለዚያም በሁለት በኩል በሚጣበቅ ፕላስተር ይለጥፈዋል። ፕላስቲክ ይለመጣል፤ ማጣበቂያ በሙቀት ይላላል። ጥሩ ባለሙያ ሽፋኑን አልፎ ዋናውን ብረት ይፈልጋል፣ በስቶ ጥርስ ያወጣለታል፣ መያዣውን ከሳሳ ላሜራ ሳይሆን ከወፍራም የማዕዘን ብረት ይሠራዋል፣ ዳዶው በንዝረት እንዳይፈታም የሚቆልፍ ሮንዴላ ያስገባለታል። ቀጥሎ ዘንጉ ቀጥ ብሎ መቆሙን በጎንያ አያለሁ። በ2 ዲግሪ ብቻ ያዘመመ ዘንግ በ150 ሚሊ ሜትር ጉዞ ውስጥ 0.09 ሚሊ ሜትር ያህል ይዋሻል። ዘንጉ ከቢላው በራቀ ቁጥር ደግሞ የሚንቀሳቀሰው ክፍል ጥቂት መንጋደድ ወደ ቁጥሩ ይገባል። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤርንስት አቤ በ1890 ያስቀመጠው መርህ ይህንኑ ይላል፤ መለኪያው ከሚለካው ነገር ጋር በአንድ መስመር ላይ መሆን አለበት። ፕላነር ላይ ይህ ሙሉ በሙሉ ባይቻልም፣ የቻለውን ያህል ያቀረበውን ሰው ሥራውን አይቶ መለየት ይቻላል።

ከዚያ ወደ እንጨቱ። አንድ የዋንዛ ጣውላ መለኪያው 20.00 ሲያሳይ አሳልፋለሁ። ማሽኑን እስከ 40 ከፍቼ እንደገና ወደ 20.00 እመልስና ሌላ ጣውላ አሳልፋለሁ። ሁለቱን በካሊፐር የምለካው ከጫፋቸው ራቅ ብዬ ነው፤ ማሽኑ ጣውላው ሲገባና ሲወጣ ጫፉን ጠለቅ አድርጎ ስለሚበላው እዚያ የሚገኘው ልክ ያሳስታል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ0.05 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ ሥራው ያማረ ነው እላለሁ። እስከ 0.1 ለቤት ዕቃ ይበቃል። ከዚያ ካለፈ የላላ ነገር አለ። ሲመለሱም አቅጣጫ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ራሱን ወይም አልጋውን ከፍ ዝቅ የሚያደርጉት ብሎኖች ልቅነት ስላላቸው የመጨረሻው እንቅስቃሴ ምንጊዜም በአንድ አቅጣጫ ይሁን፣ ልኩን ካለፉት ራቅ አድርገው መልሰው ይምጡ። ይህን ሳይነገረው የሚያደርግ ባለቤት መሣሪያውን ያውቀዋል። ሙከራውን በ12 ሚሊ ሜትርም መድገም ደግ ነው፤ በአንድ ልክ ብቻ የሚስማማ መለኪያ ዘንጉ ዘሞ ሊሆን ይችላል።

ስክሪኑ ነጥብ ካለፈ በኋላ ሁለት አሃዝ ስላሳየ ብቻ መደነቅ አይገባም። እንጨት ሕይወት እንዳለው ነገር ይተነፍሳል፤ 20 ሚሊ ሜትር ጣውላ እርጥበቱ በ1 በመቶ ሲለወጥ ውፍረቱ እንደ ዓይነቱና እንደ አሰነጣጠቁ ከ0.03 እስከ 0.06 ሚሊ ሜትር ይለዋወጣል። በበጋ የተላገው በክረምት ሌላ ነው። እኔ የምፈልገው ትናንት የወጣው ልክ ዛሬም እንዲወጣ ነው፤ ለአምስት የመሳቢያ ጎኖች ይህ ከመቶኛዋ አሃዝ ይበልጣል። የጣውላው ግራና ቀኝ እኩል መሆኑን ደግሞ መለኪያው ሊነግረን አይችልም። እሱ አንድ ቦታ ላይ ተቀምጦ ነው የሚያነበው፤ ቢላው ዘንበል ካለ ካሊፐር ካልሆነ ማንም አያጋልጠውም።

ባትሪውን አውጥቼ ማዞሪያውን ጥቂት ካዞርኩ በኋላ መልሼ እከታለሁ። ትክክለኛውን ልክ ቢያሳይ እሰየው፤ ዜሮ ቢያሳይ የመለኪያው ዓይነት ነውና ገጣሚው አይወቀስም፣ ባለቤቱ ግን ማወቅ አለበት። ደረቅ ብናኝ ይህን ዓይነት መለኪያ ብዙም አያስቸግረውም፤ የሚያስቸግረው እርጥበት፣ ዘይትና የጽድ ሙጫ ነው። ስክሪኑ ማዞሪያውን የያዘ ሰው ሳያጎነብስ በሚያነብበት ከፍታ ላይ ካልተቀመጠም ማንም አይጠቀምበትም።

የፋብሪካው የድሮ ማስመሪያና ጠቋሚ ከቦታው ካልተነሳ ለገጣሚው ትልቅ ምስጋና አለኝ። ባትሪ ሲያልቅ ሥራ አይቆምም፤ ስክሪኑ 25 እያለ ጠቋሚው 22 ላይ ከቆመም ጣውላው ከመበላሸቱ በፊት ይታወቃል። በእጅ ተስለው የሚገቡ ቢላዎች ያሉት ማሽን ላይ ቢላው በተቀየረ ቁጥር አንድ ጣውላ ልጎ፣ በካሊፐር ለክቶ፣ መለኪያውን ከዚያ ጋር ማስማማት ግዴታ ነው። በአንዳንድ ወርክሾፖች የመጨረሻው ማስተካከያ የተደረገበት ቀን በማሽኑ ጎን ላይ በማርከር ተጽፎ ይገኛል። እንዲህ ያለ ማሽን ካየሁ የቀረውን ፍተሻ ቀለል አድርጌ እጨርሳለሁ።