ጣት እያጠፉ መቁጠር

ጎጃም ውስጥ ትውልድ ከሚቆጥሩ ሽማግሌ አጠገብ ቁጭ ብዬ አውቃለሁ። ጣታቸውን አንድ በአንድ እያጠፉ ከአያት ወደ ቅድመ አያት፣ ከዚያም ወደ ምንዥላት ይወጣሉ። ነገሩ የሥራ ፈት ጨዋታ አልነበረም። እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ርስት የሚጠይቅ ሰው መሬቱን መጀመሪያ እስካቀናው አባት መቁጠር ነበረበት፤ ተጋቢዎችም እስከ ሰባት ቤት።

አንዱ አያት የኖረበትን ዓመተ ምሕረት ብትጠይቋቸው ግን የለም። «ክፉ ቀን ሲገባ እረኛ ነበር፤ ለዐድዋ ሲዘመት ስንቅ ተሸክሟል» ይሏችኋል። ይኸው አይበቃም? ክፉ ቀን የተባለው ረሃብ የገባው በ1880ዎቹ መግቢያ፣ ዘመቻው በ1888፤ ሰውየው ያኔ ጎረምሳ ነበር ማለት ነው።

ሽማግሌው አንድ ስም ሲዘሉ ጥጥ የሚፈትሉት ባለቤታቸው፣ እንዝርቱን ሳያቆሙ፣ «እሷንማ ረሳሃት!» አሏቸው።