አጠገብዎ ማን አለ?

ወላይታ ሶዶ ከተማ ውስጥ በፖሊስ ተረኛነት ባደርኩባቸው ሌሊቶች ስልኩ አያርፍም። ጎረቤት ሙዚቃ ከፍቶ አላስተኛ ብሏል፤ ባጃጅ በር ዘግቶ ቆሟል፤ ተከራይ ልክፈልም ልውጣም አይልም፤ መታወቂያው የጠፋበት ማስረጃ እንዲጻፍለት ይፈልጋል። የፓትሮል መኪናዋ ግን አንዲት ናት። ቀድሞ ለደወለ ሁሉ ከላክኋት፣ መናኸሪያው አካባቢ ስለት የተማዘዙ ሰዎች ሲኖሩ የምልከው የለኝም።

ጀማሪ ሳለሁ ጥሪን የምለየው በጉዳዩ ዓይነት ነበር። ስርቆት ከባድ፣ የድንበር ንትርክ ቀላል። ወላይታ ውስጥ ይህ አያዋጣም። ሰዉ ብዙ፣ መሬቱ ጠባብ ነው፤ አንዱን የእንሰት ጓሮ ከሌላው የሚለየው አንድ ረድፍ ቁጥቋጦ ሊሆን ይችላል።

አንድ ማታ አንድ አባት ደውለው «ጎረቤቴ ድንበር ገፋብኝ» አሉኝ፣ በአማርኛ፣ ረጋ ብለው። «ነገ ቀበሌ ይሂዱ» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ምን እንደመለሰኝ እንጃ፣ «አባቴ፣ አሁን አጠገብዎ ማን አለ?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ወላይትኛ ዞሩ። ጎረቤታቸው ከሁለት ልጆቹ ጋር ቆንጨራ ይዞ እንሰታቸውን እየቆረጠ ነበር። መኪናዋ ወዲያው ወጣች። የድንበሩን ነገር በማግስቱ ሽማግሌዎች ያዙት፤ ያን ማታ ግን የፖሊስ ጉዳይ ነበር። በዚያው ሳምንት ጠዋት ስልኩን የተሰረቀ ወጣት ማታ ደወለ። ሌባው ከሄደ ሰዓታት አልፈዋል፤ ለእሱ የሚያስፈልገው መኪና ሳይሆን ቃሉን በደንብ የሚቀበል መርማሪ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዳዩ ሳይሆን ስለ አሁኑ ደቂቃ እጠይቃለሁ። ደዋይዋ ሴት ሆና መልስ ከከበዳት «አዎ» ወይም «አይ» ብቻ እንድትለኝ አደርጋለሁ፤ የጎረቤት ጫጫታ ብላ የጀመረችው የራሷ ቤት ዱላ ሊሆን ይችላል።

ቀላሉን ነገር ከፖሊስ ትከሻ ማውረድ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ስድብን፣ ቀላል የእጅ እልፊትንና ከ5 ብር ያልበለጠ ስርቆትን አጥቢያ ዳኛ በተቻለ መጠን በዕርቅ እንዲጨርስ አዝዞ ነበር። በአሜሪካ የባልቲሞር ከተማ እ.ኤ.አ. በ1996 አስቸኳይ ላልሆነ ጥሪ 311 የሚባል ሌላ ቁጥር ከፈተች። እኛ ጋ ሕዝቡ የሚያውቀው 991ን ነው፤ ብዙው ደግሞ የሚያውቀው ፖሊስ የግል ስልክ ላይ ይደውላል። ስለዚህ መለየቱ በቁጥር ሳይሆን ስልኩን ባነሳው ሰው ጆሮ ነው የሚሠራው።

እኔን ያስተማረኝ ግን የራሴ ጥፋት ነው። አንድ ሰው «ሊገድሉኝ ነው!» ብሎ ጮኸ። መኪናዋን ከሌላ ቦታ አስነስቼ ላክሁ። ቤቱ ሲደረስ ሞት የሚባል ነገር የለም፤ አከራዩ የሦስት ወር ቅድሚያ ክፍያውን አልመልስም ብሎታል። ስወቅሰው እንዲህ አለኝ፦ «ትናንት እውነቱን ነግሬህ ነገ ይመጣሉ አልከኝ። ማን መጣ?» መዝገቡን ገለጥኩ፤ የትናንቱ ጥሪ አልተጻፈም። ውሸቱን ያስተማርኩት እኔ ነበርኩ። ሰው በእውነት ጠይቆ ካልተሰማ፣ በሚቀጥለው ጊዜ የሰው ደም ፈሰሰ ይላል፤ ያኔ እውነተኛውን ደም መለየት አይቻልም።

አሁን መኪና የማልልክለትን ሰው ባዶ እጁን አልሸኝም። የቀበሌውን የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ስምና የሚመጣበትን ሰዓት እነግረዋለሁ፣ በመዝገቡ ጠርዝም እጽፈዋለሁ። ሰዓቱ ሲያልፍ ለፖሊሱ እደውልለታለሁ፣ ካልሄደም ለደዋዩ ራሴ ደውዬ እነግረዋለሁ። ከሁሉም የሚከብደኝ ይህኛው ስልክ ነው፤ መኪናዋን ለባሰው ጉዳይ የሚያተርፍልኝም እሱ ነው። ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ለጊፋታ፣ ልጆች ከየአገሩ ያጠራቀሙትን ይዘው ሲገቡ ፓትሮሉ ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ መናኸሪያ ላይ መቆም አለበት፤ እዚያ የሚቆመው ሌሊቱን የኪራይ ጠብ ሲያመላልሰው ካላደረ ነው።

ለዚያ ተከራይ በማግስቱ 3 ሰዓት ላይ ደወልኩለት። አከራዩና እሱ ቀበሌ ተቀምጠው ነበር፤ የሁለቱም ድምፅ ከኋላ ይሰማ ነበር፣ ሲከራከሩ።