ጋሻውና ግሥ ያጣው ጽሑፍ፤ ስለ ጦር መሣሪያ ቅርሶች አሰባሰብ የቀረበ ሂስ

የጦር መሣሪያ ቅርስ መሰብሰብ በብዙዎች ዘንድ የብረትና የቆዳ ክምችት ማብዛት ሆኖ ይታያል። ሰብሳቢው ጎራዴውን በግድግዳ ላይ ይሰቅላል፤ ጋሻውን ያስወለውላል፤ ከሥሩም «የጥንት» የሚል ቃል ያኖራል። ሆኖም አንድ ዕቃ ቅርስ ለመባል ዕድሜ ብቻውን አይበቃውም። ማን እንደ ሠራው፣ ማን እንደ ያዘውና በምን አኳኋን ከባለቤቱ እጅ እንደ ወጣ ሊታወቅ ይገባል። ለዚህም በየካቲት ወር 2016 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ከተማ ለጨረታ ሊቀርብ የነበረው የመቅደላ ጋሻ ግልጽ ምሳሌ ነው።

የኢትዮጵያ ጋሻ ቅርጹና ይዘቱ ያልተነጣጠሉበት የእደ ጥበብ ውጤት ነው። ከጎሽ፣ ከጉማሬ ወይም ከበሬ ቆዳ ይሠራል፤ ክብ ሆኖ መሐሉ ወደ ፊት ማበጡም የጦርን ምት ወደ ጎን ለመመለስ ያገለግላል። የመኳንንትና የስመ ጥር ጀግኖች ጋሻ ደግሞ ከፋይ ለብሶ በብር ያጌጣል። ስለሆነም ጌጡ የማዕረግና የጀግንነት ምስክር ነው። ይሁን እንጂ ቆዳውን የፋቀውና ብሩን የቀጠቀጠው ባለሙያ በሙያው ሲናቅ የኖረ በመሆኑ፣ የእጁ ሥራ ሲደነቅ ስሙ ሳይነሣ ቀርቷል።

አንድ ጋሻ በእርግጥ ለጦር ሜዳ የዋለ ነው ወይስ በቅርቡ ለገበያ የተሠራ ነው ብሎ ለመለየት የሚሻ ሰው አስቀድሞ ጀርባውን ማየት ይገባዋል። ፊቱ ያብረቀርቃል፤ ጀርባው ግን ይመሰክራል። የእጅ ላብ ያጠቆረው መያዣ፣ ተበጥሶ የተጠገነው ጠፍር፣ ከጌጡ ሥር የተሸሸገው ጠባሳ የአገልግሎት ማስረጃዎች ናቸው። የጎራዴውም ነገር እንዲሁ ነው። እጀታው በአገር ውስጥ ተሠርቶ ስለቱ በጀርመን አገር በዞሊንገን ከተማ የተቀጠቀጠ ሊሆን ስለሚችል የፋብሪካው ምልክት ሊነበብ ይገባል። ጠመንጃን በተመለከተ ቋንቋው ራሱ መዝገብ ሆኖ ቆይቷል፤ የእንግሊዙ ስናይደር «ሰናድር»፣ የፈረንሳዩ ፉዚ ግራ «ውጅግራ» ተብለው ይታወሳሉ። እንግዲህ ዝገቱን ላስለቅቅ ብሎ ብረቱን በአሸዋ የሚፈትግ ሰብሳቢ ማስረጃውን አብሮ ያጠፋል።

በመቅደላው ጋሻ ላይ ከጠባሳም የበለጠ ምልክት ይገኛል። በመካከሉ የመቅደላ ስምና እ.ኤ.አ. አፕሪል 13 ቀን 1868 የሚል ቀን በእንግሊዝኛ ተቀርጾበታል። ይህም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ከምርኮ ሞትን መርጠው ራሳቸውን የሠዉበትና አምባው በጄኔራል ናፒየር ጦር የተያዘበት ዕለት ነው። ጽሑፉ እንደ ድርሰት ቢመረመር ግሥ ያጣ ሆኖ ይገኛል። ቦታውንና ቀኑን ይናገራል፤ «ተወሰደ» የሚለውን ቃል ግን አይደፍርም። ማን ሠራው፣ ማን ተሸከመው ለሚለው ጥያቄም መልስ የለውም። ነገር ግን የድል መታሰቢያ ይሆን ዘንድ የተቀረጸው ፊደል ከ150 ዓመት በኋላ የዝርፊያ ማስረጃ ሆኖ ቆመ። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ጥያቄ አቀረበ፤ ጋሻው ከጨረታው ወጣ፤ ኋላም በሮያል ኢትዮጵያን ትረስት ጥረት ወደ አገሩ የሚመለስበት መንገድ ተከፈተ።

ይህ የግሥ መጥፋት በአንድ ጋሻ ላይ የተወሰነ አይደለም። ከአምባው የተዘረፈው ሀብት በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች ተጭኖ በደላንታ ሜዳ ለሁለት ቀናት በሐራጅ ሲሸጥ፣ የብሪቲሽ ሙዚየም ባልደረባ የነበረው ሪቻርድ ሆምስ ከገዢዎቹ አንዱ ነበር። ገንዘቡም ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። ሐራጅ ለዕቃው ዋጋ ይሰጠዋል፤ ታሪኩን ግን ይነሣዋል። ከዚያ በኋላ ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ደረሰኝ እንጂ ትውልድ አይቆጠርለትም።

ጣትን ወደ ውጭ ብቻ መቀሰር ግን ሙሉ ሂስ አይሆንም። የአያቱን ጋሻ ለነጋዴ የሚሸጥ ወራሽ፣ የባለቤቱን ስምና የተገኘበትን አገር ሳይጠይቅ የሚገዛ ሰብሳቢ፣ «ጋሻ፣ ከቆዳ የተሠራ» ብሎ ብቻ መዝግቦ የሚያልፍ ሠራተኛ ሁሉም የዚያኑ ቀራጭ ጽሑፍ ይደግማሉ። ከአገር የወጣ ቅርስ አንድ ቀን ሊመለስ ይችላል፤ ሳይጻፍ የቀረ ስም ግን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ሲያልፉ አብሮ ያልፋል።

ስለዚህ የሰብሳቢው የመጀመሪያ መሣሪያ እርሳስና ደብተር ሊሆን ይገባል። ዕቃው ከመወልወሉ በፊት ይሳል፣ ይለካ፣ ባለቤቱ ይጠየቅ። መምህሩም ተማሪዎቹን ከሙዚየም ወስዶ ጋሻ ሲያሳይ «ይህን ማን ሠራው?» ብለው እንዲጠይቁ ያስተምራቸው። ጋሻ ጌታውን ከጦር ሲያድን ኖሯል፤ ጋሻውን ከመረሳት ማዳን የልጆቹ ፈንታ ነው።