የአይሮፕላን የክንፍ መብራትና የመካኒኩ እጅ

የአይሮፕላን የአቅጣጫ መብራት በግራ ክንፍ ቀይ፣ በቀኝ አረንጓዴ፣ በስተኋላ ነጭ መሆኑ የታወቀ ነው። የክንፎቹ እያንዳንዳቸው 110፣ የኋላው 140 ዲግሪ ይሸፍናሉ። ስለ ንድፉ ሲነገር የብርሃኑ ጉልበት ይመሰገናል፤ በተቃጠለ ጊዜ ማን፣ የት፣ በምን መሣሪያ እንደሚለውጠው ግን እምብዛም አይነሣም። የምንነቅፈው ይህንኑ ነው።

ድሬዳዋን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1902 ከምድር ባቡር ጋር የተቆረቆረችው ከተማ የባቡር መጠገኛ ነበራት፤ የአይሮፕላኑ ዋና መጠገኛ ግን አዲስ አበባ ነው። በሐሩሩ፣ መሰላል ላይ የቆመ መካኒክ ጥቃቅን ብሎኖች ሲፈታ አንዲቱ አቧራው ውስጥ ብትጠፋበት ጀንበር ትጠልቃለች፤ ያለ ክንፍ መብራት ደግሞ በሌሊት መብረር አይገባም። ብሎኑ ላልቶ ከክዳኑ የማይለይ ቢሆን ኖሮ (ይህ አዲስ ጥበብ አይደለም) ነገሩ የአንድ ካቻቢቴ ሥራ በሆነ ነበር።

ኤል.ኢ.ዲ. ችግሩን አስቀረ የሚሉ አሉ። ዕድሜው በእርግጥ ረጅም ነው። ሆኖም የጥንቱ አምፑል መሞቱን ጨልሞ ይናገራል፤ አዲሱ ቀስ በቀስ ይደክማልና ዓይን አይለየውም። ሲበላሽም ብዙውን ጊዜ የሚለወጠው መላው ዕቃ ነው። መድከሙን የሚያመለክት ነገር አብሮት ካልተሠራ፣ መካኒኩ በምን ያውቀዋል?